ያልነካሁት እርግብግቢት

የቅቤ ሽታ አልወድም። ጎንደር ተወልዶ ጎንደር ያረጀ ሰው እንዲህ ማለቱ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ጎረቤቶቼም «ሲስተር ደግሞ አበዛችው» ይሉኛል። ይበሉ። ባለፈው እሑድ እዚሁ ቁስቋም፣ ከቤቴ አንድ አጥር አልፎ፣ የጎረቤቴ የልጅ ልጅ ክርስትና ተነሣ። ድንኳን ተጥሏል፤ የዛሬ ልጆች ያለ ማጉያ ድግስ የደገሱ አይመስላቸውምና ድምፁ ጆሮ ይበጥሳል። ጥግ ፈልጌ እንደተቀመጥኩ ወላዷ መጥታ ሕፃኑን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። «ሲስተር፣ ያዥና መርቂልኝ እንጂ!» አናቱ ላይ ለጋ ቅቤ ተደፍቷል፤ የድንኳኑ ሙቀት አቅልጦት በግንባሩ ይወርዳል። ሽታው ሲያገኘኝ እጄ ሳላዘው ወደ ልጁ አናት ሄደ፤ ሄደና ሳይደርስ ቀረ። እናትየው አየችኝ። ሳቋ ከፊቷ ላይ ጥፍት አለ። «ምነው ሲስተር፣ ምን አየሽበት?» አለችኝ። «ኧረ ምንም! ይደግ፣ ይባረክ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃው» ብዬ ልጁን መለስኩላትና ሹልክ ብዬ ወጣሁ። እውነቴን ነው፣ በእሷ ልጅ ላይ ምንም አላየሁም። ግን ዕድሜዋን ሙሉ ሕፃን ስትዳስስ የኖረች ነርስ ፊቷ ሲለወጥ ያየች እናት ይህን እንዴት ታምናለች? በማግስቱ ልጇን ታቅፋ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ስትዞር እንደዋለች ሰማሁ። አፈርኩ። ይህን የምጽፈውም ለእሷ ነው፤ ምን እንዳየሁ ትወቀው።

ያን ጊዜ ገና ልጅ ነኝ፤ ከነርስ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም። ዘመኑን አትጠይቁኝ። መንግሥት ሊለወጥ ነበር ወይስ ተለውጦ ነበር፣ እሱን ለሚያውቁት ትቼዋለሁ። እኔ የማውቀው ፒያሳ ላይ አንድ ብርጭቆ ሻይ አሥር ሳንቲም እንደነበረ፣ ወንዶቹ አስፋልት የሚጠርግ ቦላሌ እንደሚለብሱ፣ እኛ ሴቶቹ ጠጉራችንን ነፋ አድርገን ሲኒማ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈውን ፎቶግራፍ ብቻ አይተን ፊልሙን ያየን ያህል እያወራን እንደምንመለስ ነው። ሙዚቃ ቤቱ ደጅ ላይ ቆሞ አንድ ዘፈን እስኪያልቅ ማዳመጥ በነጻ ነበር፤ የሸክላው መንሿሿት ሳይቀር ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። የሥራ ልብሴን ጨርቅ የገዛሁት ቅዳሜ ገበያ ከሐጂ እንድሪስ ሱቅ ነው። ሐጂ እንድሪስ አባታቸውም አያታቸውም ጨርቅ የሸጡ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሽማግሌ ነበሩ። ነጩን ቴትሮን ዘርግተው ሲለኩልኝ ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ይህን ያህል ነጭ የሚገዛ ሰው ወይ ለሙሽራ ነው ወይ ለከፈን ነው። አንቺ ለየትኛው ነው?» አሉኝ። «ለነርስነት ነው ሐጂ» ስላቸው «እንግዲያው በሁለቱ መሀል ልትቆሚ ነው፤ አላህ ይሁንሽ» ብለው አንድ ክንድ ጨምረው መረቁልኝ። ያን ጊዜ ስቄ ወጣሁ። ከሱቁ ጥላ ሥር ስፌት መኪናውን የዘረጋው ልብስ ሰፊ በአንድ ቀን ሰፍቶ አስረከበኝና መስተዋት ፊት ዞር ዞር እያልኩ ራሴን ሳይ አመሸሁ።

የተመደብኩት ድብ ባሕር ነው። አውቶቡሱ አምባ ጊዮርጊስን ሲያልፍ ብርዱ በመስኮቱ እየገባ አጥንት ይነካል፤ ዛሬ ያን መንገድ ለመሄድ መጀመሪያ «ሰላም ነው?» ብሎ ደውሎ መጠየቅ ግድ ሆኗል፤ ያን ጊዜ ሰው የሚጠይቀው መቀመጫ መኖሩን ነበር። ድብ ባሕር መንገድ ዳር የተደረደረ ቆርቆሮ ነበረች፤ ሁለት ጠጅ ቤት፣ አንድ ሻይ ቤት፣ የእህል መጋዘን፣ ከዚያ በኋላ ማሳ ብቻ። ክሊኒክ የምንለው ባለ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ነው። ኃላፊው አያ ደሳለኝ ናቸው። አያ ደሳለኝ ዶክተርም ነርስም አልነበሩም፤ ድሮ ድሬሰር ይባሉ ከነበሩት፣ በሥራ ላይ ካረጁት የጤና ረዳቶች አንዱ ናቸው፤ አገሬው ግን «ሐኪሙ» ነው የሚላቸው። እኔ አዲሷ፣ ነጭ ለባሿ፣ ማዳመጫዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ስገባ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «አውርጂው» አሉኝ። «ሕፃን ያንን ሲያይ ያለቅሳል። የሚያለቅስ ሕፃን ደግሞ ትንፋሹ አይቆጠርም።» ሰላምታቸው ይኸው ነበር።

ሰውን በየዕድሜው መመርመር የተማርኩት ከእሳቸው ነው። ሕፃን ከሆነ ከእናቱ ጭን አታውርጂው ይሉኛል። እጅሽን አሙቂ። ከመንካትሽ በፊት እይው፤ ተኝቶ ካገኘሽው ተመስገን በይና ትንፋሹን ቁጠሪ፣ ልቡን ስሚ፣ ሆዱን ዳብሺ፤ ጆሮና ጉሮሮ ያስለቅሳሉና መጨረሻ ላይ ይሁኑ። ነፍስ ያወቀ ልጅ ሲሆን ማዳመጫውን አስይዢውና የራሱን ልብ ይስማ፣ ከዚያ ወዲያ ያልሽውን ያደርግልሻል። ኮረዳ ከመጣች እናቷን ውኃ አምጪ ብለሽ ላኪያት፤ እናቷ ቆማ ኮረዳ የሚያማትን አትናገርም። ገበሬው «ምንም አይለኝ» ሲልሽ አትመኚው፣ ሸሚዙን አስወልቂው። ሽማግሌ ሲሆን መጀመሪያ ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ ጠይቂ፣ ከዚያ ከእግሩ ጀምሪ፤ እብጠት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ቆዳው ከዕድሜ የተነሣ የላላ ስለሆነ የእጁን ጀርባ ቆንጥጠሽ ውኃ አጥሮት እንደሆነ አታውቂም፤ ምላሱን እይ። «ሽማግሌ ደግሞ ሳያተኩሰው ይሞትብሻል» ይሉኝ ነበር። ባለፈው ወር እኔው ሽማግሌዋ ደም ግፊቴን ልለካ ሄጄ ወጣቷ ነርስ መለኪያውን በሹራቤ እጅጌ ላይ ጠመጠመችው፤ ዓይኗ ስልኳ ላይ ነው። «የኔ ልጅ፣ የለካሽው ሹራቤን ነው» ብላት ሳቀች። አያ ደሳለኝ ቢያዩአት ኖሮ እንደ ልማዳቸው በደረቅ ሳል አስደንግጠው ያባርሯት ነበር። ሹራቡን ራሴ አውልቄ እጄን ዘረጋሁላት።

አያ ደሳለኝ አንድ ነገር ግን ከልክለውኛል። እርግብግቢት ማለት የሕፃን አጥንት ገና ያልገጠመበት፣ ትር ትር የሚለው የአናቱ ስፍራ ነው። ለነርስ እንደ መስኮት ነው፤ ውኃ ያጠረው ሕፃን እዚያ ላይ ይሰረጉዳል፣ ራሱ ውስጥ በሽታ የገባበት ደግሞ ይወጠራል፣ ያብጣል። በዚያ አገር ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ እዚያ ላይ ቅቤ ይደፋል፤ ከእናት እጅ በቀርም ሌላ እጅ አይነካውም፤ ከተነካ ነፍሱ በዚያ በኩል ትወጣለች ብለው ያምናሉ። ከእኔ በፊት የነበረ አንድ ወጣት ድሬሰር ቅቤውን በጥጥ ጠርጎ ነካ። ሕፃኑ በሦስተኛው ቀን ሞተ፤ በምን እንደሞተ እግዜር ይወቅ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ እናት የምትባል በክሊኒኩ በር አልገባችም። «አናቱን ተይው፤ አንዱን አያለሁ ብለሽ የአገሩን ልጅ ሁሉ እንዳታስቀሪብኝ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ልጅ ነበርኩ፣ እሳቸው ደግሞ አገሩን ያውቁታል።

የዚያ ዓመት በጋ ክፉ ነበር። ጥር ካለፈ ጀምሮ ነፋሱ አልቆም አለ፤ አቧራው ከዘጋነው መስኮት እየገባ የመድኃኒቱ ጠርሙስ ላይ ይተኛል። በማለዳ ደወል ይደወላል፤ ለቅዳሴ አለመሆኑ ከአደዋወሉ ያስታውቃል፣ ሻይ ቤት የተቀመጠው ሰው ሁሉ ብርጭቆውን ያስቀምጥና ይቆጥራል። ከዛሪማ የሚመጡ ሾፌሮች «እዚያማ ሰው አንገቱ እየደረቀ ነው» ብለው ወሬ አመጡ። ማጅራት ገትር መሆኑን አያ ደሳለኝ ወዲያው አወቁ፤ ለእኔ እንጂ ለማንም አልተናገሩም። ወደ እኛ መጀመሪያ የደረሰው የሰባት ዓመት ልጅ ነው፣ አባቱ በጋቢ አዝሎት። አያ ደሳለኝ ገና እጃቸው ሳይነካው አልጋው ላይ አስቀመጡትና «እስቲ ጎበዝ፣ ጉልበትህን ሳምልኝ» አሉት። ልጁ ጎንበስ ሊል ሞከረ፤ አንገቱ እንጨት ሆኖ እምቢ አለው። እንደገና ሞከረ። «ተወው በቃ፣ ሌላ ቀን ትስመዋለህ» አሉት፤ ወደ እኔ ሲዞሩ ፊታቸው አመድ መስሏል። መርፌ ወግተን በእህል መኪና ወደ ጎንደር ላክነው። ከሰዓት በኋላ መኪናው ተመለሰ፤ አባትየው ከኋላ በሸሚዝ ብቻ ቆሟል፣ ጋቢውን ልጁ ላይ አልብሶታል፣ ፊቱ ሳይቀር። ከዚያን ቀን ጀምሮ በበራችን የገባ ልጅ ሁሉ ጉልበቱን እንዲስም ይታዘዛል። የሳመ ይመረቃል። ያልሳመ... እንግዲህ ያልሳመውን አትጠይቁኝ።

ጡት የሚጠባ ሕፃን ግን ጉልበቱን አይስምም። አንገቱም እንደ ትልቅ ልጅ ላይደርቅ ይችላል፤ በሽታው ገድሎት እንኳ አንገቱ ለስላሳ ነው። ይህን አላውቅም ነበር ብል ቅጥፈት ነው። የትምህርት ቤት ደብተሬ ላይ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፣ ከሥሩም አስምሬበታለሁ፤ የሕፃን ማጅራት ገትር የሚታወቀው በእርግብግቢቱ ነው ብዬ።

ይታይሽ የምትባል እናት የመጣችው በገበያ ቀን ነው። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ከገጠር የሦስት ሰዓት መንገድ በእግሯ መጥታለች። ሁለት ጽንስ ወርዶባት ሦስተኛው የጸናላት ይህ ወንድ ልጅ ነው፤ ሠላሳ ስድስት ቀኑ። ለክርስትናው አራት ቀን ቀርቶት ጠላው ተጠንስሷል። ያልተጠመቀ ልጅ ይዞ ከቤት መውጣት ያስፈራልና ከነጠላዋ ሥር ቢላ ሸጉጣለች፣ ክፉ መንፈስ እንዳይቀርባቸው። «ሌሊቱን ሲያለቅስብኝ አደረ እህቴ። ጡቱንም ይዞ ይለቀዋል። ሸጋ ልጅ ነበር እኮ፣ ምነው እንዲህ ሆነ?» አለችኝ። አያ ደሳለኝ የታመመ ሊያዩ ገጠር ወርደዋል፤ ብቻዬን ነኝ። እጄን አሻሽቼ አሞቅሁ። ትንፋሹን ቆጠርኩ፣ ፈጠን ይላል። ትኩሳቱ ያን ያህል አይደለም። ሆዱ ለስላሳ ነው። አንገቱን በመዳፌ ይዤ በቀስታ ወደ ደረቱ አጎነበስኩት፤ ታዘዘልኝ። ደስ አለኝ። አንድ ነገር ግን አየሁ፤ እናቱ ስታቅፈው ያለቅሳል፣ አልጋው ላይ ስታስተኛው ዝም ይላል። ጤነኛ ሕፃን የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። አየሁት እንጂ አላሰብኩበትም።

የቀረኝ አናቱ ነው። ቅቤው ወፍራም ነው፣ ከላዩም ትንሽ ጨርቅ ተለጥፎበታል። እጄ ወደዚያ ሲሄድ ይታይሽ ሁለት መዳፏን በላዩ ከደነች። «ምነው እህቴ! እሱንስ ተይልኝ። አራት ቀን ነው የቀረው።» እጄን መለስኩ። አያ ደሳለኝ ስለከለከሉኝ ነው ብል ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ይሉኝታ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አንገቱ በመታዘዙ ደስ ብሎኝ ስለነበረ ደስታዬን የሚያበላሽ ነገር መፈለግ አልወደድኩም። «ደህና ነው፣ ጉንፋን ነው» አልኳትና የጉንፋን ሽሮፕ ሰጠኋት። ይታይሽ አልተንቀሳቀሰችም። «እንግዲያ ቄስ አልጥራ? ቀኑ ሳይደርስ አላስጠምቀው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ለሞት ያሰጋ ሕፃን አርባ ቀን ሳይጠበቅለት ይጠመቃልና። «ኧረ ምን አስቸኮለሽ! ድግስሽን በደንብ ደግሺ» አልኳት። ያ ድምፄ ዛሬም ይሰማኛል፤ ሳቅ ሳቅ የሚለው ድምፅ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ሳሙና ልገዛ ሱቅ ስገባ አንድ ጎልማሳ አቡጀዲ ያስለካል። ባለ ሱቁ ጨርቁን ዘርግቶ «ስንት ክንድ ልቁረጥልህ?» ሲለው ሰውዬው በእጁ መዳፍና በክርኑ መሀል ያለውን አሳየው። «ይኸው፣ ይህን ያህል። ላልተጠመቀ ልጅ ነው፣ ብዙ አይፈልግም።» ከየት አገር እንደመጣ ሰምቼ የማን ባል እንደሆነ አወቅሁ። ሳሙናውን ሳልይዝ ወጣሁ። ያልተጠመቀ ሕፃን ፍትሐት የለውም፤ ደወልም አይደወልለትም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከግራሩ ሥር ቀበሩት። ለክርስትናው የተጠነሰሰውን ጠላ ለቅሶኛ ጠጣው። እኔ «ደህና ነው» ባልል ኖሮ ቢያንስ ቄስ ትጠራለት ነበር፤ ቢያንስ ስም ይኖረው ነበር። አያ ደሳለኝ ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኳቸው። «አናቱን አየሽው?» አሉኝ። «አልነካሁትም» አልኳቸው። መሬት መሬት እያዩ «እኔ ነኝ የከለከልኩሽ» አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ክረምቱ ገብቶ በሽታው ሲበርድ ይታይሽ መጣች። በመስኮት ሳያት ልትረግመኝ የመጣች መሰለኝ። ትከሻዬን ስማ በኮባ ቅጠል የከደነችውን ቅል አቀበለችኝ፤ ለጋ ቅቤ ነው። «አንቺማ ደግ ነሽ እህቴ፣ አናቱን አልነካሽብኝም። ብትነኪው ኖሮ በአንቺ እጅ ሞተ ብዬ እስክሞት አማሽ ነበር። አሁን ግን የሰጠ እግዜር ነው የወሰደው፣ ማንንም አላማ» አለችኝ። መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፍቼ ነበር፣ እውነቴን ነው፤ ግን የወጣው «እግዜር ይስጥሽ» ነው። የዚያ አገር ቅቤ በገበያው የታወቀ ነበር፤ የጎንደር ነጋዴ ከአውቶቡስ ላይ ሆኖ ይሻማበታል። እኔ ግን ቅሉን ክፍሌ ጥግ አስቀምጬ ሳምንት ሙሉ ሳልከፍተው ቆየሁ፤ ሽታው ነጭ ልብሴ ውስጥ ገባ፣ ትራሴ ውስጥ ገባ። ለሻይ ቤቷ ባለቤት ሰጠኋት። ሽታው እኔው ጋ ቀረ።

ይታይሽ አገር ለአገር አወራችልኝ። ከማላውቀው ቀበሌ ሁሉ እናቶች ሕፃን ታቅፈው እየመጡ «ያቺ አናት የማትነካዋ ነርስ የታለች?» ይላሉ። ስሜ እሱ ሆነ። አያ ደሳለኝ ያን ሲሰሙ ጠርሙስ የሚያስተካክሉ መስለው ፊታቸውን ያዞራሉ። ሦስት ዓመት በዚያ ስም ኖርኩ። ሌባም ሆንኩ፤ ስመርቅ መስዬ፣ ጨርቁ ተንሸራተተ እያልኩ፣ ዝንብ ያባረርኩ እየመሰልኩ በጣቴ ጫፍ እርግብግቢት እሰርቃለሁ። አንዳንድ ቀን ይሳካልኛል፣ አንዳንድ ቀን እናቲቱ ትነቃብኝና እጄን እሰበስባለሁ። ጎንደር ለዓመት ፈቃድ ስሄድ ጓደኞቼ ፒያሳ ተቀምጠው ስለ አዲስ ጫማና ስለ ሰርግ ያወራሉ፤ እኔ በአጠገባችን የሚያልፈውን ሕፃን ሁሉ አናት አናቱን አያለሁ። አንዷ «አንቺ ልጅ፣ መውለድ አምሮሻል» ብላ ቀለደችብኝ። የማይቀለድበት ነገር መሆኑን ማን ይንገራት?

በሦስተኛው ዓመት ያው ነፋስ ተነሣ። ያው ደወል፣ ያው አቧራ፣ ያው የሾፌሮች ወሬ። አንድ ጠዋት በሩ ላይ ወረፋ የያዙትን እናቶች ሳይ ይታይሽ መሀላቸው ቆማለች፣ ሕፃን ታቅፋ። ሴት ልጅ ናት፣ ሃምሳ ቀኗ፤ ለሰማንያው ሠላሳ ቀርቷታል። ይታይሽ እኔን ስታይ ፊቷ በራ። «ለማንም አላሳያትም ብዬ ለአንቺ አመጣኋት» አለችኝ። አስገባኋት። ስታቅፋት ልጅቱ አለቀሰች። አልጋው ላይ ስታስተኛት ዝም አለች። አነሣቻት፣ አለቀሰች። የወንድሟ ነገር ትዝ አለኝ። አያ ደሳለኝ ከወዲያኛው ጠረጴዛ መነጽራቸውን አውልቀው እያዩኝ ነው። እጄ ከነካት በኋላ ይህች ልጅ ብትሞት እንደ ድሮው በሩ ይዘጋል፤ በዚያ ወረርሽኝ መሀል አንዲት እናት አትመጣም። ካልነካሁም ሳላውቅ ደግሜ «ደህና ናት» ልል ነው።

«ይታይሽ፣ አናቷን ልነካ ነው» አልኳት።

«ምነው እህቴ? ያን ጊዜ አልነካሽም እኮ።»

«ያን ጊዜ ስላልነካሁ ነው የሞተው።»

ውጭ የነበረው የሴቶች ወሬ ድንገት ቀጥ አለ፤ በሩ ክፍት ነበር። «ምን አልሽ?» አለችኝ ይታይሽ። ነገርኳት። በሽታው የሚታወቀው እዚያ ላይ እንደነበረ፣ ደህና ነው ያልኳት ሳላይ እንደነበረ፣ ቄስ እንዳትጠራ ያደረግኳትም እኔ እንደሆንኩ፣ ሁሉንም። ቢላዋ ከነጠላዋ ሥር እንዳለ አውቃለሁ። አያ ደሳለኝ ከወንበራቸው ተነሥተው «የከለከልኳት እኔ ነኝ፣ ፍረጂብኝ» አሉ። ይታይሽ ዞራም አላየቻቸው። ዓይኗ እኔ ላይ ነው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጨርቁን ከልጅቱ አናት አነሣች፣ የነጠላዋን ጫፍ ሰበሰበችና ቅቤውን ጠረገችው። አንዴ ጠረገች፣ ሁለቴ ጠረገች፣ ቆዳው እስኪታይ። «እንኪ፣ ንኪ» አለችኝ።

ነካሁ። እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሮ ከአጥንቱ በላይ ተነሥቷል።

መርፌውን አያ ደሳለኝ ወጉ። የእህል መኪና አስቁመን ስንወጣ ይታይሽ ለሾፌሩ «ቤተ ክርስቲያን» አለችው። እየረፈደብን ነው ሊላት ሲል ፊቷን አይቶ ተወው። ቄሱን ከአውድማ ጠርተናቸው እየሮጡ መጡ፤ ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ጠመቋት፣ ወለተ ማርያም አሏት። ከዚያ ወዲያ እስከ ጎንደር ድረስ ያየሁት የልጅቱን ደረት ብቻ ነው፣ ይነሣል ይወርዳል። ሆስፒታል ስንደርስ ዶክተሩ ከአከርካሪዋ ውኃ ቀዳ፤ ብርሃን ላይ ሲያነሣው እንደ አጓት ደፍርሷል። «እንኳን ዛሬ መጣችሁ» ብቻ አለ።

ዘጠኝ ቀን እዚያ ቆየን። ዘጠኝ ቀን ይታይሽ አንድ ቃል አልተነፈሰችልኝም። ከአራዳ ምግብ ገዝቼ አመጣለሁ፣ ተቀብላ ትበላለች፤ ውኃ አቀብላታለሁ፣ ትጠጣለች፤ ዓይኗን ግን አታነሣም። በዚያ ክፍል የነበሩት ሌሎቹ እናቶች እህቷ መስዬአቸው «ምን ተጣልታችሁ ነው?» ይሉኝ ነበር። ከስድስቱ አልጋ ሁለቱ በዚያው ሳምንት ባዶ ሆኑ። ማታ ማታ የይታይሽ ልጅ ስታቃስት ሁላችንም ከመኝታችን ቀና እንላለን። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ወለተ ማርያም ጡቷን ጥርቅም አድርጋ ያዘችና ለረጅም ጊዜ ጠባች፤ ስትታቀፍም አላለቀሰችም። ይታይሽ ጣቶቿን በልጇ አናት ላይ አሳረፈች፤ ቅቤ የለበትም፣ ተላጭቶ ለመርፌ የተዘጋጀ ባዶ ቆዳ ነው። እየደጋገመች ዳበሰችው።

«ወረደ» አለች።

«ወረደ» አልኳት። ከዘጠኝ ቀን በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሏ ነው፤ እንባዬ መጣ፣ ይቅር ያለችኝ መሰለኝ።

«የዚያኛው፣ የወንድሟ አልወረደም። ጠዋት ጠዋት ቅቤውን ስለውጥለት እጄ ላይ ይሰማኝ ነበር፣ እንዲህ ተነሥቶ። አንቺ ዘንድ ያመጣሁት ቀንም ተነሥቶ ነበር፤ ቅቤው ያጠነከረው መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።» ልጅቱን ወደ ሌላኛው ጡቷ አዞረቻትና ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። «መንካቱንስ እኔ ከለከልኩሽ። እንዴት ነው ብለሽ ምነው እኔን አልጠየቅሽኝ?»